ታይፒስቷ የጨመረቻቸው መስመሮች

ታይፒስቷ የሰው ታሪክ መጨረስ የጀመረችው በዚያ ሴሚስተር ነው ወይስ ከዚያ በፊትም ስትጨርስ ኖራለች? ይህን በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። የፈተና ወረቀት ዓመት ሲሞላው ተቆራርጦ ስለሚጣል፣ የድሮዎቹን ተማሪዎች የእጅ ጽሑፍ ከታይፑ ጋር አስተያይቶ እውነቱን ማውጣት አይቻልም። እሷ ራሷ ስትጠየቅ ከዚያ በፊት ሁሉም ራሳቸው ይጨርሱ ስለነበር እጇን የምታስገባበት ምክንያት እንዳልነበራት ትናገራለች። ይህን ስትል ግን ዓይኗ ወደ ፕሪንተሩ ይሸሻል።

የምትሠራበት ክፍል በሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር መጨረሻ ላይ፣ በጽዳት ዕቃ ማስቀመጫውና በመምህራን መጸዳጃ ቤት መካከል ነበር። በሩ ሲከፈት ጠረጴዛውን ስለሚገጭ፣ የገባ ሰው መልሶ ካልዘጋው በስተቀር ወንበሩ ጋ መድረስ አይችልም። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ተቀምጣለች። ሥራ የጀመረችው በጽሕፈት መኪና በመሆኑ ኮምፒዩተሩንም እንደዚያው ነበር የምትደበድበው። በየዓመቱ አንድ ኪቦርድ ጥርሱ ይረግፋል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ አዲስ ኪቦርድ ባስፈረማት ቁጥር "ሴትዮ፣ ትጽፊያለሽ ወይስ ትወቂያለሽ?" ይላታል። ተማሪዎቹ "እትዬ ማሽን" ብለው ስም አውጥተውላት ነበር፤ ስሙን ታውቀዋለች፣ አይከፋትም።

የትምህርት ክፍሉ የፈጠራ ጽሑፍ ያስተምራል። ድሮ ተማሪው የማጠቃለያ ፈተናውን አጭር ልቦለድ ቤቱ ጽፎ ያመጣ ነበር። በኋላ ግን የአጎት፣ የእጮኛ፣ የአሮጌ መጽሔት እጅ እየገባበት ስላስቸገረ፣ ሁሉም አዳራሽ ተቀምጦ በሦስት ሰዓት ውስጥ በእጁ እንዲጽፍ ተወሰነ። ይህም ሌላ ጣጣ አመጣ። መምህራኑ የተማሪውን የእጅ ጽሑፍ ስለሚያውቁ ለሚወዱት ያደላሉ ተብሎ ተማሪው አጉረመረመ። ስለዚህ ታይፒስቷ ሁሉንም በኮምፒዩተር ትጽፈዋለች፤ በስም ፈንታ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሁለት መምህራን ሳይመካከሩ ያርሙታል። የእጅ ጽሑፉ በእሷ የብረት ካቢኔት ይቆለፍበታል፤ ቁልፉ በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል።

የተሰጣት መመሪያ አንድ ነበር፤ እንደተጻፈው ይጻፍ። እሷም ለመመሪያው ታማኝ ነበረች። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ በሁለተኛው ገጽ የቀበረውን አጎት በአምስተኛው ገጽ ሻይ ሲያጠጣው፣ ሻዩን ጠብ ሳታደርግ ጽፋ አሳልፋለች። ሌላዋ ጀግናዋን "ዓይኖቿ እንደ ሁለት ትላልቅ ጉልበቶች ያበሩ ነበር" ስትል ትንሽ አሰበች እንጂ ጉልበቶቹን አልነካችም። የምትጽፈውን ሁሉ ግን ታነበዋለች። ሰው ሲሞት ታለቅሳለች፣ ሲጋቡ ፈገግ ትላለች፣ ቤቷ ትሄዳለች፣ ትተኛለች። እንቅልፏ የታወቀ ነበር። ባሏ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ እሷ ጋደም ካለች በኋላ ቤቱ ቢሸጥ አትሰማም እያለ ለጎረቤት ያወራ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰላም የደፈረሰው ወጣቱ መምህር ሲመጣ ነው። ቀጭን፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ ሲናገር እጁን እንደሚያርፍ ወፍ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ኪቦርድ እንዲቀየርላትም ሁለት ጊዜ ፈርሞላታል። አንድ እምነት ብቻ ነበረው። ታሪክ መዘጋት የለበትም ይላል። መጨረሻውን አትንገሩ፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተውት፣ አንባቢው ራሱ ገፍቶ ይግባ ይላቸዋል። ይህን ከመደጋገሙ የተነሣ ሳምንት ሳይሞላው "መምህር ገርበብ" ተባለ። ከዚያም የማረሚያ ቅጹን አሻሽሎ፣ ከመቶው ሃያውን ማርክ "ክፍት መጨረሻ" ለሚል ረድፍ ሰጠ። ለሃያ ማርክ ተማሪ ታሪኩን ይቅርና የቤቱንም በር ክፍት ትቶ ያድራል።

አርባ አንድ ተማሪዎች ተፈተኑ። አርባ አንድ ታሪኮች በታይፒስቷ ጠረጴዛ ላይ ተከመሩ። ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ተሰጣት።

የመጀመሪያው ታሪክ ዛፍ ላይ ስለወጣ ሕፃን ነበር። ሕፃኑ ወጣ፣ ወጣ፣ የቆመበት ቅርንጫፍ ሲሰነጠቅ ተሰማው፣ ወደ ታች አየ። አለቀ። ታይፒስቷ ወረቀቱን ገለበጠች፤ ከጀርባው ምንም የለም። የጠፋ ገጽ ይኖራል ብላ ካቢኔቱን ሁሉ በረበረች። ሁለተኛው ላይ ሙሽራው "እሺ" ለማለት አፉን ከፈተ፤ እንደከፈተ ቀረ። በሦስተኛው ሐኪሙ ከቀዶ ጥገና ክፍል ወጥቶ ጭንብሉን አወለቀና ቤተሰቡን አያቸው። አያቸው፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ስልክ እየጮኸ ያላነሳች ሴት፣ ፖስታ ቀዶ ያላነበበ ወታደር፣ ምድጃ ላይ ድስት ረስታ አውቶቡስ የተሳፈረች ምግብ አብሳይ ተከታተሉ። ሐሙስ ላይ ስትደርስ የጣቷ ድካም ሳይሆን የልቧ ነበር ያስቸገራት።

እንቅልፍ እምቢ አላት። አልጋዋ ላይ ሆና ቅርንጫፉ ሲሰነጠቅ ይሰማታል። ባሏ መጀመሪያ ሆዷን የታመመች መስሎት ነበር። በኋላ ነገሩን ስትነግረው ተናደደ።

"ወረደ አልወረደ አንቺን ምን አገባሽ?" አላት።

"እንዳይወድቅ ነዋ።"

"እሱ እኮ ወረቀት ላይ ነው ያለው።"

"እኔ ጋ ነው ያለው" አለች። "ወረቀቱማ ካቢኔት ውስጥ ተኝቷል።"

ባሏ ተነሥቶ ተቀመጠና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነዳ አንድ ቀን እንኳ መንገደኛ መሐል መንገድ ላይ አውርዶ "መድረሻህን ራስህ አስበው" ብሎ እንደማያውቅ ተናገረ። እንዲህ ያለ ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ይቀማል አለ። ይህን ለማጽናናት ብቻ ነበር የተናገረው። እሷ ግን እንደ ፍርድ ወሰደችው።

በማግስቱ ጠዋት የዛፉን ታሪክ ፋይል ከፈተች። በሩ መዘጋቱን አየች። ከመጨረሻው አራት ነጥብ በኋላ ሦስት ቃል ጻፈች፤ "ቀስ ብሎ ወረደ።" በዚያ ቀን ከሥራ እንደገባች ተኛች፤ ባሏ እራት እንድትበላ ሲቀሰቅሳት እንኳ አልነቃችም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀላል ሆነ። ሙሽራው "እሺ" አለ። ሐኪሙ "ድናለች" አለ። ሴትዮዋ ስልኩን አነሳች፤ ወንድሟ ነበር። ድስቱን ጎረቤት አወረደችው። ታይፒስቷ ለራሷ ሥርዓት አውጥታ ነበር፤ ከአንድ መስመር አትበልጥም፤ ከመጨረሻው በፊት ያለውን አንዲት ፊደል አትነካም። ስሕተት ሠርታለሁ ብላ አላሰበችም። የተከፈተ ቧንቧ አይታ የዘጋች ያህል ነበር የተሰማት።

ሥርዓቷን ያፈረሰችው በቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ነው። ይህ ታሪክ ከሌሎቹ የተለየ ነበር፤ ይህን ለማወቅ መምህር መሆን አላስፈለጋትም። አንድ አባት ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደጁ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ውስጥ ሳህን ይንኳኳል፤ ሚስቱና ልጁ በአንድ ነገር ይስቃሉ፤ በምን እንደሚስቁ አያውቅም፤ ያላወቀው እሱ ስላልነበረ ነው። ሊያንኳኳ እጁን ያነሳል። እዚያ ላይ ያበቃል። ታይፒስቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ አፍንጫዋን ተናፈጠች፣ ለእንዲህ ያለው ሰው አንድ መስመር ውለታ አይሆንም ብላ ሦስት መስመር ጻፈችለት።

ውጤት ሲመጣ መምህራኑ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ወጣቱ መምህር ተማሪዎቹ ሴሚስተሩን ሙሉ ያስተማራቸው እንዳልገባቸው፣ ሁሉም ጫፍ ላይ ሲደርሱ ፈርተው በሩን ዘግተው እንደሮጡ እየተናገረ በየቢሮው ዞረ። ሁለተኛው አራሚ፣ ተማሪዎች "ቀይ እስክሪብቶ" የሚሏቸው አንጋፋው ፕሮፌሰር፣ በበኩላቸው ከአሥር ዓመት ወዲህ እንደዚህ ያለ አስተዋይ ክፍል እንዳላዩ መሰከሩ። ታይፒስቷ ሁለቱንም ሰማች። ሻይዋን ጠጣች።

ሰኞ ጠዋት ግን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ታይፕ የሚደረግ ደብዳቤ አመጣላት። የዲሲፕሊን ኮሚቴ መጥሪያ ነበር። ወጣቱ መምህር በቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ባቀረበው ክስ የመጨረሻዎቹ ሦስት መስመሮች በሌላ ሰው የተጻፉ ናቸው ይላል። ቃሉ ሌላ፣ ትንፋሹ ሌላ ነው፤ ስለዚህ ተፈታኟ የተጻፈ ነገር ይዛ አዳራሽ ገብታለች። በቁጥሩ የተደበቀው ስም ተከፈተ፤ ጸሐፊዋ በነጻ ትምህርት የምትማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆነች። ጥፋቷ ከተረጋገጠ አንድ ዓመት ትታገዳለች፤ ስትታገድ ነጻ ትምህርቷም የመኝታ አልጋዋም አብረው ይሄዳሉ። ታይፒስቷ ይህን ሁሉ በገዛ እጇ ጻፈችው። ቀስ ብላ ስለጻፈች በዚያ ቀን የኪቦርዱ ድምፅ ኮሪደሩ ድረስ አልተሰማም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ደኅና መሆኗን ለማየት በሩን ከፈት አድርጋ አየቻት።

ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት ቀርቷታል። ለባሏ ስትነግረው ድንች መላጡን አቆመ። ዝም በይ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመት ዝም በይ ሲላት ኖሯልና። እሱ ግን ልጅቷን ያሳፈርሻት አንቺ ነሽ፣ አድርሺያት ብቻ ብሎ መላጡን ቀጠለ።

ኮሚቴው ረቡዕ ተሰበሰበ። ኃላፊው በጠረጴዛው ራስ፣ ሁለቱ አራሚዎች ግራና ቀኝ፣ ልጅቷ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ታይፒስቷም ነበረች፤ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ናት። ልጅቷ አጭር፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ጉልበቷ ላይ ሁለት እጆቿን የቆለፈች ነበረች። ታይፒስቷ ከሩቅ እንኳ ጣቶቿ ሲነጡ ታይ ነበር።

ኃላፊው መነጽሩን አድርጎ መስመሮቹን አነበበ። "አባትየው አንኳኳ። ሚስቱ ከፈተችና ርቦህ ይሆናል፣ ግባ አለችው። ልጅቷ ካፖርቱን ተቀብላ ሰቀለችለት፤ ያን ቀን ሁሉም ደኅና እንቅልፍ ተኙ።"

ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። "ይሄን እኔ አልጻፍኩትም" አለች።

"እኛስ ምን አልን?" አለ ወጣቱ መምህር።

"አይ፣ ማለቴ ወረቀቴ ላይ የለም።"

"በሌላ ወረቀት ይዘሽው ገባሽ ማለት ነዋ።"

"በምንም ወረቀት አልያዝኩም። ይሄን ከየትም አላመጣሁትም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልጽፍም።"

"እኔም የምለው ይሄንኑ ነው" አለ ወጣቱ መምህር፣ በሐዘን። "እስከ መጨረሻው ድረስ በጣም ጥሩ ጽፈሻል። እንዲህ ያለ ነገር አትጽፊም።"

ኃላፊው ወደ ታይፒስቷ ዞረ። "ይጻፉ፦ ተማሪዋ መስመሮቹን አለመጻፏን አምናለች።"

ታይፒስቷ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ እስክሪብቶው አልሄደም። ሃያ ሁለት ዓመት የተባለችውን ሁሉ ጽፋለች፤ ዓይኖች እንደ ጉልበት ሲያበሩ ጽፋለች። ይሄ ግን አልጻፍ አላት። በዚህ መሐል ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን አጸዱ። እሳቸው ለዚህ ጽሑፍ ሰማንያ አራት መስጠታቸውን፣ ስሙ አንዴ ስለተከፈተ አሁን የእጅ ጽሑፉን ማየት ነውር እንደሌለው ተናገሩ። ቁልፉ የት ነው ተባለ። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነበር።

ኮሪደሩ እንደዚያ ቀን ረዝሞባት አያውቅም። ካቢኔቱን ከፈተች፣ ቁጥር አሥራ ሰባትን አወጣች። ከጎን የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው በር ክፍት ነበር፤ አንድ ባልዲ ሙሉ ውኃ በሩ ላይ ተቀምጧል። ወረቀት ምን ያህል ደካማ ነገር እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ባልዲ ውስጥ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። "ወደቀብኝ" ለማለት አንድ ቃል ብቻ ያስፈልጋታል። ባልዲውን አየችው። ከዚያ ልጅቷ የጻፈችውን የመጨረሻ መስመር አየች፤ የአባትየው እጅ አሁንም አየር ላይ ነበር። ወደ ካቢኔቱ ተመለሰችና ሌሎቹንም አርባውን አውጥታ፣ ሁሉንም በደረቷ ታቅፋ ተመለሰች።

ክምሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሳትቀመጥ፣ "የሦስቱ መስመር ባለቤት እኔ ነኝ" አለች።

ከዚያ ፕሮፌሰሩ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ ፊታቸው ልደቱ እንደተከበረለት ሰው በርቶ ነበር።

"አንቺ? ሃያ ዓመት ሙሉ ደብዳቤዬን የምትጽፊልኝ አንቺ? እኔ እኮ ሰማንያ አራት የሰጠሁት ለሦስቱ መስመር ብዬ ነው!"

"ሦስቱ መስመር እኮ ነው ያበላሸው" አለ ወጣቱ መምህር።

"ሰውየውን ደጅ ላይ ማሳደር ነው እንግዲህ ጥበብ?"

በዚህ ሁለቱ ተያያዙ። መጨረሻ ምንድን ነው፣ አንባቢ ማን ነው፣ ታሪክ ለማን ይጻፋል እየተባባሉ የዓመቱን ንትርክ እዚያው አወራረዱት። ልጅቷ ወደ ኃላፊው ተንጠራርታ፣ እንግዲህ እሷ መሄድ ትችል እንደሆን ጠየቀች፤ አልተሰማችም። ኃላፊው ግን ክምሩን እያየ ነበር።

"ሌሎቹን ለምን አመጡአቸው?" አለ።

"እነሱም አሉበት" አለች። "ሠላሳ ሦስት ናቸው።"

"ሠላሳ ሦስት መስመር?"

"ሠላሳ ሦስት ታሪክ። ስምንቱን አልነካሁም።"

"ስምንቱን ለምን ተዉአቸው?"

"እነሱ መጥፎ ሰዎች ናቸው። ቆመው ይቅሩ።"

ወጣቱ መምህር ንትርኩን ትቶ ወደ እሷ ዞሯል። እንደተቆጣ ሳይሆን ሕመሙን እንደሚጠይቅ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ለምን እንዳደረገችው ጠየቃት። ታይፒስቷ ስለ እንቅልፏ ልትነግረው አስባ ነበር፤ አፏ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነበር።

"መምህር፣ እርስዎ አንባቢው ይጨርሰው ብለው አስተምረዋል። የመጀመሪያዋ አንባቢ እኔ ነኝ። ጨረስኩት።"

ወጣቱ መምህር መልስ ሊሰጥ እጁን አነሳና እዚያው አየር ላይ ተወው።

ውሳኔው ሳይውል ሳያድር ተሰጠ። ልጅቷ ነጻ ናት። አርባ አንዱም ታሪክ እንደተጻፈው ዳግመኛ በኮምፒዩተር ተጽፎ ሰኞ ጠዋት እንዲቀርብ፣ እያንዳንዱ ተማሪም የእጅ ጽሑፉንና ታይፑን አስተያይቶ እንዲፈርምበት ታዘዘ። ታይፒስቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል። በትምህርት ክፍሉ ሌላ ታይፒስት ስለሌለ የማስጠንቀቂያውን ረቂቅ ያመጡት ለራሷ ነው። ጽፋ ስትጨርስ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አላማራትም። "ይህ ድርጊት ዳግመኛ ቢፈጸም" ይልና ሦስት ነጥብ አድርጎ ያቆማል። ተነሥታ ኃላፊው ጋ ሄደች፤ ቢፈጸም ምን እንደሚደረግ አለመጻፉን ነገረችው። ኃላፊው ስብሰባ ነበረበት፤ የሚገባውን ይጻፉበት ብሏት ወጣ። ተመልሳ ተቀመጠች፣ ትንሽ አሰበች፣ "ከሥራ ትሰናበታለች" ብላ ጻፈችና አሳትማ ወሰደችለት። ፈረመበት።

ቅዳሜና እሑድ ሕንጻው ባዶ ነበር። ወጣቱ መምህር ሥራውን እንዲቆጣጠር ስለታዘዘ፣ በሩን ዘግቶ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተጨናንቆ ተቀመጠ። እሱ የእጅ ጽሑፉን ያነባል፣ እሷ የጨመረችውን ታጠፋለች። ሐኪሙ ቃሉን ዋጠ። ሙሽራው አፉን ከፈተ። የወረደውን ሕፃን መልሳ ዛፍ ላይ ስትሰቅለው ዓይኗን ጨፈነች፤ ወጣቱ መምህርም ይህን አይቶ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ከቀትር በኋላ "እርስዎ" መባባሉ ቀርቶ ነበር። እሷ "ልጄ" ትለዋለች፤ እሱ "እትዬ" ይላታል፣ ዳቦዋንም አካፍላዋለች። በየታሪኩ መጨረሻ ላይ እስቲ አንተስ ምን የሆኑ ይመስልሃል እያለች ትጠይቀው ነበር። መጀመሪያ የአንባቢው ድርሻ ነው እያለ ሸሸ። ወደ ሃያኛው ላይ ሲደርሱ ግን ወታደሩ ፖስታውን የሚያነበው አይመስለኝም አለ፤ ሃያ ሁለተኛው ላይ ምግብ አብሳይዋ ድስቱን ሆን ብላ እንደረሳችው አጥብቆ ተከራከረ።

እሑድ ተማሪዎቹ ለመፈረም መጡ። አብዛኞቹ ሳያነቡ ፈረሙ። ባለ ዛፉ ጎረምሳ ግን ሁለቱን ወረቀቶች አስተያይቶ ራሱን አከከ።

"እትዬ፣ ያቺ 'ቀስ ብሎ ወረደ' የምትለዋ ብትቀርልኝስ?"

"አይቻልም" አለ ወጣቱ መምህር።

"ጥሩ ነበረች እኮ። ነገሩ ሲወራ ሰምቼ ለእናቴ ነግሬያት ደስ ብሏት ነበር።"

"ፈርም።"

ቁጥር አሥራ ሰባት መጨረሻ ላይ መጣች። ታይፒስቷ ከጠዋት ጀምሮ የፈራችው ይህን ነበር። ልጅቷ በሩን ዘጋች፣ ተቀመጠች፣ ሁለቱን ወረቀት ቃል በቃል አነበበች፣ ፈረመች። እስክሪብቶውን ግን አልመለሰችም።

"እትዬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ነው የተቀመጥኩት" አለች። "መኝታ ቤቴን ሊቀበሉኝ ነው ብዬ።"

ታይፒስቷ ይቅርታ ለማለት ያዘጋጀችው ረጅም ነገር ነበር። "አውቃለሁ ልጄ። መጥሪያሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ" ከማለት በላይ አልወጣላትም።

ልጅቷ ወረቀቱን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ቁጣዋ ያለቀ ይመስል ነበር፤ ወይም ደክሟት ነበር። "ደግሞ ካፖርት አልነበረውም" አለች።

"ማን?"

"አባቴ። በሸሚዝ ነበር የመጣው።"

ወጣቱ መምህር የያዘውን ወረቀት አስቀመጠ። ታይፒስቷ ወንበሯን ወደፊት ሳበች።

"አንኳኳ?"

"አንኳኳ። እናቴ በቀዳዳው አየችው። አልከፈተችም። ዕቃ እያጠበች ነበር፤ ተመልሳ ሄዳ አጥባ ጨረሰች። ማንኪያዎቹን ሁሉ አደረቀች። ከዚያ ከፈተችና እግርህን ጥረግ አለችው።"

"እግርህን ጥረግ?" አለ ወጣቱ መምህር።

"አዎ። ጠረገ። እንግዲህ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቤት ተቀምጦ ሳይጠሩት የጎረቤቱን ቁልፍ ሁሉ እየፈታ ያበላሻል። እናቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዜና ሲሰማ ምነው ያን ቀን ማንኪያዎቹን ሁለተኛ ባጠብኩ ትላለች።"

ታይፒስቷ ሳቀች፤ ስትስቅ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። "ታዲያ ይሄን ሁሉ እያወቅሽ ለምን አልጻፍሽውም?"

ልጅቷ ወጣቱን መምህር በጎን አየችው። "ሃያ ማርክ እኮ ነው፣ እትዬ።"

ወጣቱ መምህር ለረጅም ጊዜ ሹራቡን ክርኑ ላይ ሲጎትት ቆየ። ከዚያ ለልጅቷ ዘጠና አንድ መስጠቱን፣ የሰጣት ግን ለተጻፈው እንጂ አሁን ለሰማው እንዳልሆነ፣ የሰማውን ቢጽፉለት ኖሮ ምን እንደሚሰጥ እንደማያውቅ ተናገረ። ተነሣና ወረቀቶቹን ታቅፎ ወጣ። ከኮሪደሩ "ማንኪያዎቹን አደረቀች" እያለ ለራሱ ሲያወራ ይሰማቸው ነበር።

ልጅቷ ሻንጣዋን ልትፈታ ሄደች። ታይፒስቷ ካቢኔቱን ቆለፈች፣ ኮምፒዩተሩን አጠፋች፣ በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ፊቷ ላይ ፈገግታ ስለነበር አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ሁለት ጊዜ መለስ ብላ አይታታለች።

ባሏ ወጥ ቤት ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድ ጫማዋን እያወለቀች ታወራለት ጀመር፤ ልጅቷ መዳኗን፣ አባትየው የእውነት መሆኑን፣ በሸሚዝ መምጣቱን፣ ማንኳኳቱን፣ ሚስቱ በቀዳዳው አይታው ወደ ዕቃ ማጠቢያው መመለሷን። ባሏ ቢላዋውን ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ከፈተችለት?" አለ።

መልስ የለም። አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ እንዳለ በጎኗ ጋደም ብላለች። ትከሻዋን ነካ አደረጋት፤ ጠራት፤ ትንሽ ጮክ ብሎም ጠራት። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ምናልባት ትነቃለች ብሎ ሰዓቱን አየ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነበር።